የጉለሌ ዶሮና የፖርቱጋሎች ጥብስ



ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ ልጆቻችን ጉለሌ ውስጥ አክስት ወይም አጎት ቤት አርፈው ሁለት ሦስት ቀን እንደቆዩ አንድ ጥያቄ ማንሳታቸው አይቀርም። «አክስቴ፣ እዚህ አገር ናንዶስ የለም እንዴ?» ይላሉ። አክስት ነገሩ ስለማይገባት «ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» ትላለች። ልጁም ስልኩን አውጥቶ በእሳት ላይ የተጠበሰ፣ በቀይ ቅመም የተለወሰ የዶሮ ሥዕል ያሳያታል። «ኧረ ይሄማ የኛው ዶሮ ነው!» የሚል መልስ ያገኛል።

ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ውስጡ ብዙ ነገር አለ። የበርበሬ ታሪክ አለበት፣ የገበያ ነገር አለበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ማን አረደው?» የሚለው የሁላችንም ቤት ጥያቄ አለበት። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሸጎሌ ተነስተን በአዲሱ ገበያ አድርገን እስከ ሽሮ ሜዳ በእግራችን ሄድን።

ጉለሌ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን በከተማይቱ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ይገኛል። ስሙ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከጉለሌ የመጣ ነው። የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበብ የሚሸጥበት ሽሮ ሜዳ፣ የጳውሎስ ሆስፒታል፣ ፓስተር፣ የቁም ከብት የሚሸጥበት ሸጎሌ ሁሉም እዚሁ ናቸው። እንቁላል ፋብሪካ የሚባል ሰፈርም አለ። ስለ ዶሮ ለመጻፍ የተነሳ ሰው በእንቁላል ፋብሪካ ሳያልፍ ቢቀር ትዝብት ነው፤ እኛም አልፈናል።

አዲሱ ገበያ የጎጃም መንገድ በር ነው። ከሱሉልታና ከጫንጮ በኩል የሚመጣው ገበሬ ወደ ከተማ የሚገባው በዚሁ ነው፤ ዶሮውም አብሮት ይገባል። የበዓል ሰሞን የሆነ እንደሆነ በመንገዱ ዳር በሁለት እጁ ሦስት ሦስት ዶሮ ያንጠለጠለ ነጋዴ ይበዛል። ገዢዋ ትመጣለች። ላባውን ገልጣ ደረቱን ትዳስሳለች፣ በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ ትመዝናለች፣ ዐይኑንና ኩክኒውን ታያለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠራው። ቀዩ ከገብስማው ይወደዳል፣ አውራው ከቄቡ ይወደዳል። «የሐበሻ ነው?» የሚለው ጥያቄም አይቀርም፤ የእርባታ ዶሮ ለወጥ አይሆንም፣ ሥጋው ድስት ውስጥ ይፈርሳል ብለው የሚያምኑ እናቶች ብዙ ናቸውና። እውነትም አላቸው። የሐበሻ ዶሮ በየጓሮው እየጫረ ለወራት ያደገ ስለሆነ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ የግማሽ ቀን እሳት ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሮ፣ ጭንቅላታቸው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ሰዓታት ይቆያሉ። አንዳንዶቹ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭነው ነው የመጡት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርድ በቀረበ እንስሳ ላይ እንኳ ማዘን ግዴታ መሆኑን፣ ቢላዋው መሳል እንዳለበትና እንስሳው እንዲያርፍ መደረግ እንዳለበት አስተምረዋል፤ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ይገኛል። እርዱን ሐላል ለማድረግ የምንጠነቀቀውን ያህል ከእርዱ በፊት ስላለው ነገር የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ነጋዴውን «ወንድሜ፣ እባክህ መሬት አስቀምጣቸው» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ዶሮው ተገዝቶ ቤት ገባ እንበል። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የቤቱ ወንድ ሥራ ሄዷል፣ ወንዶቹ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። እናት በአንድ እጇ ዶሮውን፣ በሌላው ቢላዋውን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። አላፊ አግዳሚውን እያየች ሰላም የሚመስለውን ትመርጥና «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ! ሙስሊም ነህ?» ትላለች። ከሆነ ቢስሚላህ ብሎ አርዶላት ይሄዳል፤ ካልሆነ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ትጠብቃለች። ክርስቲያኗ ጎረቤቷም በበኩሏ እንዲሁ ታደርጋለች። በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ያደገ ወንድ ሁሉ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በማያውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ዶሮ አርዷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ልማድ የጉርብትና ውበት አለው፤ አንክድም። ሆኖም ብዙ እናቶቻችን ሴት ልጅ ማረድ አትችልም ብለው ስለሚያምኑ ነው ከበር ላይ የሚቆሙት። ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በጎች በመዲና አጠገብ በሰልዕ ተራራ ሲጠበቁ አንዷ በግ ልትሞት ሆነች። ጠባቂዋ ሴት ድንጋይ ሰብራ በስለቱ አረደቻት። ከዕብ ሳይጠይቁ እንዳይበሉ ቤተሰባቸውን ከልክለው ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አደረሱ፤ ነቢዩም እንዲበሉ አዘዟቸው። አብዛኞቹ ዑለማዎች የሴት እርድ ምንም ነውር የለበትም የሚሉት በዚህ ተመርኩዘው ነው። ቢላዋ መያዝ የሚያስፈራት ሴት ብትኖር የራሷ ጉዳይ ነው፤ ሃይማኖት ከልክሎኛል ብላ ግን ምሳውን እስከ ማታ ማሳደር የለባትም።

ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ናንዶስ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1987 በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ከተማ ደቡባዊ ክፍል ሮዝተንቪል በሚባለው ሰፈር የተጀመረ ምግብ ቤት ነው። ፈርናንዶ ዱዋርቴ የሚባለው ትውልደ ፖርቱጋላዊ ጓደኛውን ሮበርት ብሮዚንን ችከንላንድ ወደምትባል አንዲት ትንሽ የዶሮ ቤት ወስዶ ያበላዋል። ሁለቱ ጣዕሙን ወደዱትና ምግብ ቤቷን ራሷን ገዟት፤ ስሟንም ከፈርናንዶ ቁልምጫ ናንዶስ አሉት። ወደ እንግሊዝ አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 በምዕራብ ለንደን፣ ኢሊንግ ውስጥ ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ ከ400 በላይ ቅርንጫፎች አሉት። በምልክቱ ላይ የሚታየው አውራ ዶሮ የፖርቱጋሏ የባርሴሎስ ከተማ ዶሮ ነው። ያለጥፋቱ ሊሰቀል የተፈረደበት አንድ መንገደኛ ንጹሕነቱን ለማስመስከር በዳኛው ገበታ ላይ የነበረው የተጠበሰ አውራ ዶሮ ተነስቶ ጮኸ ይላል ተረታቸው። ተረት ነው እንግዲህ።

ፖርቱጋሎች ደቡብ አፍሪካ ምን ያደርጋሉ? ለሚል አንባቢ፣ ጎረቤቷ ሞዛምቢክ ለረጅም ዘመናት የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት እንደነበረች ማስታወስ ይበቃል። ሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. በ1975 ነፃነቷን ስታገኝ ከዚያ የወጡ ብዙ ፖርቱጋሎች ወደ ጆሃንስበርግ ተሻግረው ሮዝተንቪልን መንደራቸው አደረጉ። የሞዛምቢክን አጠባበስም ይዘው ሄዱ። ጥብሱ «ፔሪ ፔሪ» ይባላል። ቃሉ ከሰዋሂሊው «ፒሊፒሊ» ጋር አንድ ነው፤ በርበሬ ማለት ነው። ስለዚህ «የፖርቱጋል ዶሮ» የሚባለው ምግብ ግማሽ ስሙም ቅመሙም የአፍሪካ ነው።

እንዲያውም ነገሩ ከዚያም ይርቃል። በርበሬ ራሱ አፍሪካዊ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 1492 በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጭ ማንም አያውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል መርከቦች ወደ አፍሪካ ጠረፍና ወደ ሕንድ አደረሱት። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ ማሰብ የሚከብደን እኛ፣ ቅድመ አያቶቻችን በርበሬን ሳያውቁ ብዙ መቶ ዓመታት መኖራቸውን ስንሰማ እንገረማለን። የፖርቱጋልን ስም እኛ የምናውቀው በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 ወደ 400 የሚጠጉ ጠመንጃ ያዦች በክርስቶፎር ዳ ጋማ መሪነት ምጽዋ ወርደው ከኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም አል-ጋዚ ጋር ተዋግተዋል፤ ዳ ጋማ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፣ ኢማሙም በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ከጦርነቱ ይልቅ በየቤታችን በየቀኑ የሚያገኘን ግን ያ ከባሕር ማዶ የመጣው ቀይ ፍሬ ነው። የሚጥሚጣችን ትንሽዬ ቃሪያና የፔሪ ፔሪው ቃሪያ ዘመዳሞች ናቸው። አክስት «የኛው ዶሮ ነው» ማለቷ እንግዲህ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ለንደን ያለው ሙስሊም ወጣት ናንዶስ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቅመሙ አይደለም። ይህ ቅርንጫፍ ሐላል ነው ወይ? ብሎ ነው የሚጠይቀው። ምክንያቱም በእንግሊዝ አገር ሐላል ዶሮ የሚያቀርቡት የተወሰኑ ቅርንጫፎች ናቸው እንጂ ሁሉም አይደሉም። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በአውቶቡስ ተሳፍሮ የሚሄድ አለ። ይህም ሆኖ ጥያቄው አያልቅም። በእንግሊዝ ሐላልነትን የሚያረጋግጡ ከአንድ በላይ ተቋማት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው የሐላል ምግብ ባለሥልጣን እንስሳውን የማይገድል ከሆነ ከእርድ በፊት ማደንዘዝን ይቀበላል፤ በ2003 የተመሠረተው የሐላል ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ግን አይቀበልም። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው፣ ሁለቱም የየራሳቸው ዑለማዎች አሏቸው። ወጣቱ በመካከል ቆሞ ይወስናል።

ጉለሌ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። የሚያደነዝዝ ማሽን የለም፣ የማረጋገጫ ማኅተም የተለጠፈበት ዶሮ አናይም። ያለው ሰው ነው። ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት ሥጋ ቤት፣ «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ሰሌዳ፣ ከሰሌዳውም በላይ ባለቤቱን ማወቅ። የእገሌ ቤት ነው፣ ጁምዓ አብሮን ይሰግዳል፤ አለቀ። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ብቻ ይበላል። የመጽሐፍ ሰዎችን ምግብ በሚመለከት በሱረቱል ማኢዳ የመጣውን ፈቃድና ዑለማዎች የሰጡትን ማብራሪያ የሚያውቅ ሰው እንኳ በተግባር ከዚህ ልማድ ብዙም አይወጣም። በሠርግ ጊዜ ክርስቲያን ጎረቤት ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በግ ገዝቶ፣ ሙስሊም ጠርቶ አሳርዶ፣ በሌላ ድስት አሠርቶ፣ በሌላ ጠረጴዛ ያቀርባል። ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ። ለንደን በቅርንጫፍ የከፋፈለችውን ጉለሌ በድስት ከፋፍላ ትኖራለች፤ ማንም አልተቀየመም።

ታዲያ ናንዶስ ወይም እሱን የመሰለ ድርጅት ነገ አዲሱ ገበያ ላይ ልክፈት ቢል ምን ይገጥመዋል? እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካዊው ፒዛ ሃት አዲስ አበባ ገብቷል። ፒዛ ግን መላ አለው፤ አይብና አትክልት ብቻ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፣ በጾም ቀንም ክርስቲያኑ ያለ አይብ ሊያዘው ይችላል። ዶሮ ያለ እርድ አይሆንም። ስለዚህ ዶሮ ጥብስ የሚሸጥ ሰው ገና በሩን ሲከፍት ከከተማው ሕዝብ የትኛውን እንደሚያስተናግድ መምረጥ አለበት። ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ምጣድ፣ ሁለት በር ካላደረገ በስተቀር ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ኪራዩን እጥፍ ያደርገዋል። ለዚህ ይመስለናል በከተማችን ዶሮ በሩዝ፣ መንዲና ቢሪያኒ የሚሠሩት ቤቶች የሙስሊም፣ ዶሮ ወጥና አሮስቶ የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው የክርስቲያን ሆነው የቀሩት። ሙስሊም ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ሲወጡ አንዱ ሲበላ ሌላው ለስላሳ ይዞ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል።

በነገራችን ላይ በጥርጣሬ መካከል ለሚቸገር ሰው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ አለ። ገና አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሥጋ ያመጡልናል፣ ቢስሚላህ ብለው ይረዱ አይረዱ አናውቅም ብለው ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ እናንተ የአላህን ስም ጠርታችሁ ብሉ የሚል መልስ አግኝተዋል። ሙስሊም አርዶ ያቀረበልንን ሥጋ በማያልቅ ምርመራ ራሳችን ላይ እርም እንዳናደርግ ይረዳናል። በአንጻሩ ምንም ሳይጠይቁ ያገኙትን ሁሉ «ዶሮ ነው እንጂ ሌላ አይደል» እያሉ ለሚበሉ ወጣቶች ፈቃድ አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እንላለን፤ ሐዲሱ የሚናገረው አራጁ ሙስሊም መሆኑ ስለታወቀበት ሁኔታ ነው።

ሌላው ልዩነት በገበታው ላይ ነው። ናንዶስ ውስጥ ሩብ፣ ግማሽ ወይም ሙሉ ዶሮ ተብሎ ለአንድ ሰው ይታዘዛል። ሁለት የራባቸው ወጣቶች አንድ ዶሮ ጨርሰው ይነሳሉ። የኛዋ ዶሮ በ12 ብልት ተከፋፍላ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ረዝማ፣ በእንቁላል ታግዛ ቤተሰቡን ሁሉ ከነእንግዳው ታበላለች፤ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ክንፉ ለትንሹ ልጅ። ጥብስ የሀብታም አበላል ነው ብንል አልተሳሳትንም። የዶሮ ዋጋ ለቀን ሠራተኛ ስንት ቀን ልፋት እንደሆነ የሚያውቅ አባት ዶሮ ጠብሶ ለሁለት ሰው አያቀርብም፤ መረቅ ያስፈልገዋል።

ዋጋውም እንደ ወቅቱ ነው። የዶሮ ገበያ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይከተላል። በሁዳዴ ጾም ክርስቲያኑ ስለማይበላ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ይሰቀላል። ይህን የሚያውቁ ሙስሊም እናቶች በሁዳዴ ሰሞን ገዝተው ያረባሉ። በ2017 ዓ.ም እንደሆነው ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ሲገጥም ዒዱል ፊጥር በጾሙ መካከል ይውላል፤ ያን ጊዜ የዶሮ ገዢው ሙስሊሙ ብቻ ነው። ገዝተው የሚያቆዩትን ዶሮ ለጥቂት ቀናት ንጹሕ እህል እያበሉ ማቆየትም የቆየ ጥንቃቄ ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ቆሻሻ የምትበላን ዶሮ ከማረዳቸው በፊት ሦስት ቀን ይዘው ያቆዩ እንደነበር ተዘግቧል። ዶሮ ቆሻሻ ስለምትጭር አልበላም የሚል ሰው ደግሞ ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ጋር አንድ ገበታ የቀረበውን ሰውዬ ያስታውሰናል። ያ ሰው በዚሁ ምክንያት ሲያፈገፍግ አቡ ሙሳ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዶሮ ሲበሉ ማየታቸውን ነግረው ወደ ገበታው ጠርተውታል።

ከውጭ የመጣው የእህታችሁ ልጅ አሁንም ናንዶስ ካለ፣ ቤት ውስጥ መሥራት አይከብድም። የሥጋ ዶሮ ከተገኘ ይሻላል፤ ከቢሾፍቱ አካባቢ እርባታዎች የሚመጣው ለስላሳ ስለሆነ ለእሳት ይሆናል። የታረደውንና የጸዳውን ዶሮ በጀርባው በኩል በመቀስ ሰንጥቃችሁ እንደ መጽሐፍ ዘርጉትና ደረቱን በእጅ ጫን በሉት። ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ዘይት፣ ጨውና ሚጥሚጣ አብራችሁ ወቅጡ። ሚጥሚጣው ኮረሪማ ያለው ስለሆነ ጣዕሙ ከሞዛምቢኩ ትንሽ ይለያል፤ እኛ ወደነዋል። አቼቶ የሚጨምሩ አሉ፤ ከወይን ጠጅ የተሠራ አቼቶን ዑለማዎች ስለሚለያዩበት ሎሚው ይበቃል። በዚህ ለውሳችሁ፣ ማቀዝቀዣ ካለ አሳድሩት። በማግሥቱ ፍሙ ነበልባሉን ጨርሶ ነጭ አመድ ሲለብስ በአጥንቱ በኩል አስቀምጡት፤ ቆዳውን ቀድማችሁ ወደ እሳቱ ካዞራችሁት ውስጡ ሳይበስል ያርራል። ወፍራሙ ታፋ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ደም የሌለበት ጥርት ያለ ከሆነ በስሏል።

የሐበሻ ዶሮ ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅሉትና ከዚያ በቅመሙ ለውሳችሁ ለፍም ስጡት። መረቁን አትድፉት፤ ሩዙን ቀቅሉበት፣ ለቀረው ቤተሰብ ይደርሳል። ሚጥሚጣውን የለወሰችው ልጅ ደግሞ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ሳትታጠብ ሕፃን እንዳታነሳ ንገሯት።